እትዬ ቀስ በል እና ክንፍ ያበቀለችው መኪና

በከተማችን መንጃ ፈቃድ ከያዘው ሰው ግማሹ በአንዲት ሴት እጅ ያለፈ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። እኔም ካለፉት አንዱ ነኝ። በትንሿ የማሠልጠኛ መኪና ቀኝ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ እግሯን ሁለተኛው ፍሬን ላይ እንዳደፈጠ ድመት አሳርፋ፣ ዓይኗን ከመንገዱ ሳትነቅል «ቀስ በል» ትላለች። ኩርባ ሲመጣ ቀስ በል፤ ዝናብ ሲያካፋ ቀስ በል፤ መንገዱ ጭር ሲልማ የባሰ ቀስ በል፤ ጭር ያለ መንገድ ሰውን ያታልላል ባይ ናት። በዚህ የተነሳ የእናት አባቷ ስም ተረስቶ እትዬ ቀስ በል ሆና ቀረች። ለሴት ተማሪዎቿ «ቀስ በይ» ነበር የምትለው፤ ቅጽል ስሙን ያወጡት ግን ወንዶቹ ስለነበሩ በወንድ አንቀጽ ጸና። አንቱ የሚላት ተማሪ ከመጣ ደግሞ ገና መኪናው ሳይነሳ ታስቆመዋለች። መሪ የጨበጠ ሰው አንቱታ ሲያሰላስል እግረኛ ይገጫል ትላለች።

ይህ የምተርከው ነገር ሲሆን ዕድሜዋ ሃምሳን ተሻግሯል። ልጆቿ ጎጆ ወጥተዋል። ከባሏ ጋር የሚኖሩት እሱ ልብስ ከሚሰፋበት ሱቅ በላይ ባለው ፎቅ ሲሆን፣ ቀኑን ሙሉ የስፌት መኪናው ድምፅ በወለሉ በኩል ይሰማል። ልብስ ሰፊው ትንሽ የሚናገር፣ ብዙ የሚያይ ሰው ነው። የመጀመሪያ ተማሪዋም እሱ ነበር። ላግባሽ ቢላት፣ መጀመሪያ ወደ ኋላ ገብተህ ማቆም ቻል ብላ ፈተናውን እስኪያልፍ አስጠበቀችው ይባላል። ማታ ፊልም ሲያዩ ተዋናዩ መኪና ካፈጠነ የሚስቱ ቀኝ እግር ወለሉን ይረግጣል። «እኛ ቤት ምንጣፍ የሚጨርሰው ፍሬን ነው» እያለ ለእንግዳው ሁሉ የሳሳውን ቦታ ያሳያል።

ታናሽ ወንድሟ ግን ሌላ ፍጥረት ነው። አዝላ ያሳደገችው፣ ፊደል ያስቆጠረችው፣ መንዳትም ያስተማረችው እሷ ናት። ሆኖም የመጀመሪያውን የመንጃ ፈቃድ ፈተና የወደቀው ፈታኙ ቁም ሲለው «ይሄን አንዱን ልለፈውና» ብሎ ነው። ሥራው ባትላሜራ ነው፤ ተጋጭቶ የተጨማደደ መኪና ቀጥቅጦና አቃንቶ ወደ ቀድሞ መልኩ ይመልሳል። ጋራዡ ጓሮ ደግሞ የራሱ የሆነች፣ ከመሪ፣ ከሞተርና ከአንድ ወንበር በቀር የሚወልቀው ሁሉ የወለቀባት አሮጌ ትንሽ መኪና አለችው።

ከከተማው ወጣ ብሎ አውሮፕላን ማረፍ ካቆመበት የቆየ ሜዳ አለ። የመኪና ወዳጆች ማኅበር መንደርደሪያውንና ዙሪያውን ያለውን መንገድ አገናኝቶ የመኪና መም አድርጎታል። እሁድ እሁድ መኪኖቹ አንድ በአንድ እየገቡ ይዞራሉ፤ የሚሽቀዳደሙት እርስ በርሳቸው ሳይሆን ከሰዓት ጋር ነው። በአንድ በኩል ማለቂያ የሌለው የሚመስል ቀጥታ መንገድ አለ። በሌላው በኩል ደግሞ ሜዳውን አቅፎ የሚዞር፣ ሰው ሁሉ በፍርሃት ይሁን በአክብሮት «ረጅሙ ኩርባ» የሚለው ጥምዝ አለ።

ባትላሜራው የዝናቡን ወራት ሙሉ ለዚህች መኪና ክንፍ ሲሠራ ከረመ። ከአሉሚኒየም ላሜራ ቆርጦ፣ አጉብጦ፣ በሪቬት ሰፍቶ፣ ከኋላ በሁለት እግር የሚቆም የክንድ ስፋት ያለው ጠፍጣፋ ነገር አወጣ። የአውሮፕላን ክንፍ አውሮፕላኑን ወደ ላይ ያነሳል፤ ይሄኛው ተገልብጦ ስለሚታሰር መኪናዋን ወደ ታች ይጫናታል ማለት ነው። ክንፉ ባለቀ ሰሞን ግን የጋራዡ ጣሪያ አፈሰሰ። ሊደፍን ወጣና ከመሰላሉ ወድቆ የእጁ አንጓ ተሰበረ። በመኪና ፍጥነት ስንቱን አምልጦ፣ ቆሞ በዋለ መሰላል መጎዳቱ አበሸቀው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጄሶ የታሰረ እጁን በአንገቱ አንጠልጥሎ ልብስ ስፌቱ ቤት መጣ። እህቱ ከሥራ ተመልሳ ባሏ ጎን አረፍ ብላለች።

«መኪናዬን እንድትነጂልኝ ፈልጌ ነው» አላት።

የሚሾፍባት መሰላት። እንደ አንተ ያሉ ነፋስ ጓደኞች ሞልተውህ የለም ወይ ብላ ጠየቀችው። ሞልተዋል፣ ግን አንዱን ዙር ይበራሉ፣ በሁለተኛው ሣር ውስጥ ይገባሉ፣ በሦስተኛው ይኩራራሉ፤ ሰዓቱ ቢለወጥ ክንፉ የለወጠው ይሁን እነሱ በምን ይለያል አላት።

«የሚፈተነው ክንፉ ነው እንጂ ሹፌሩ አይደለም» አለ። «ሁሌ አንድ ዓይነት የሚነዳ ሰው ነው የምፈልገው። አንቺ ደግሞ ሰው አይደለሽም፣ ሰዓት ነሽ።»

«ይሄ ስድብ ነው ምርቃት?»

«ምርቃት ነው፣ ልሙትልሽ።»

ባሏ በከንፈሩ የያዛቸውን መርፌዎች አንድ በአንድ አወጣና፣ ሰዓት የሚይዝ ሰው ካስፈለገ እሱ እሁድ ሥራ እንደሌለው ተናገረ። ሁለት ለአንድ ሆኑባት። እንደ ወትሮዬ ነው የምነዳው፣ አንድም ሰው ፍጠኚ እንዳይለኝ ብላ አስጠንቅቃ እሺ አለች።

እሁድ ጠዋት ሄልሜት ደፍታ ቀበቶ ስትታጠቅ፣ መሙ ዳር የቆሙት ሰዎች እየተጠቃቀሱ ይስቁ ነበር። አብዛኞቹ ተማሪዎቿ ናቸው። ትልቅ ጥቁር መኪና ያለው፣ የማኅበሩ ሁሉ አንደኛ የሆነው ዳቦ ጋጋሪም እጁን በሆዱ ላይ አጣጥፎ ያያል። መጀመሪያ ያለ ክንፍ ዞረች። ዳቦ ጋጋሪው አንዴ በዞረበት ጊዜ እሷ ግማሽ መንገድ ላይ ናት። ነገር ግን ልብስ ሰፊው የያዛትን ሰዓት ከአንዴም ሁለቴ በመዳፉ መታ መታ አደረጋት፤ የቆመች መስሎታል። ከዙር ዙር ያለው ልዩነት ዓይን እስኪከደን ድረስ እንኳን አይሞላም።

«አላልኩህም?» አለ ባትላሜራው በኩራት።

ከዚያ ክንፉ ታሰረ። የክንፉ እግሮች ላይ ሦስት ሦስት ቀዳዳ አለ፤ ቡሎኑ እንደሚገባበት ቀዳዳ ክንፉ ይጋደማል ወይም ቀና ይላል። በመጀመሪያው ቀዳዳ ዞረች፤ ዙሩ ረዘመ። ቀና አደረጉት፤ ይባስ ረዘመ። ስትመለስ ሄልሜቷን አውልቃ፣ ቀጥታው ላይ የሆነ ሰው ከኋላ ቀሚሴን ይዞ የሚጎትተኝ ይመስላል፣ ኩርባው ላይ ደግሞ ምንም የተለየ ነገር አላየሁም አለች። እውነቱን ለመናገር ትንሽ ደስ ብሏታል። ወንድሟ ግን የተጣለ ጎማ ላይ ቁጭ ብሎ ጄሶውን ያክ ጀመር፤ ፊቱን ስታይ ደስታዋ ጠፋ። በሕፃንነቱ የሠራው የወረቀት ጀልባ የሰጠመበት ቀን እንዲህ ነበር ፊቱ።

አጠገቡ ተቀመጠችና ይሄ ክንፍ ምን እንዲያደርግልህ ነበር አለችው።

«ከኋላ የአሸዋ ጆንያ ብጭን ጎማው መሬቱን ይበልጥ ይነክሳል፣ አይደል?» አላት። «ግን ጆንያው ራሱ መዞር አለበት፣ መቆምም አለበት። ኩርባ ላይ ወደ ውጭ የሚጎትተኝ እሱ ይሆናል። ነፋስ ሲጫን ግን የራሱ ክብደት የለውም። ጎማውን የሚጫን፣ ለመኪናው የማይከብድ ጭነት አስቢ።»

«እንዲህ ያለ ጭነት ካለስ ለሴት ሁሉ ይታደል» አለች።

ቀጥታው ላይ የሚጎትታት ግን ያው ነፋስ ነው። ክንፉ ነፋሱን ሲገፋ ነፋሱም መልሶ ይገፋዋል፤ በነጻ የሚጫን የለም። ባትላሜራው የጠበቀው ቀጥታው ላይ የሚከስረውን ኩርባው ላይ ከነትርፉ እንዲያገኝ ነው። የታየው ግን ኪሳራው ብቻ።

ይህን ሁሉ ሲሰማ የቆየው ልብስ ሰፊ፣ ነፋሱ ክንፉን እንዴት እንደሚያገኘው ታውቃለህ ወይ ብሎ ባትላሜራውን ጠየቀው። አይታይም አለ። «እንዲታይ እናድርገዋ» አለና በሳምንቱ እሁድ ቀይ የሱፍ ክር ይዞ መጣ። ክሩን በጣት ቁመት እየቆረጠ፣ አንድ ጫፉን በፕላስተር እየለጠፈ፣ ከጣሪያው እስከ ክንፉ ሆድ ድረስ መኪናዋን በክር አለበሳት። መሙ ዳር ያሉት፣ ይህቺ መኪና ፀጉር አበቀለች እንዴ እያሉ ሳቁ። ከዚያ እትዬ ቀስ በል መኪናዋን፣ ባሏ ደግሞ የጋራዡን ፒክአፕ ይዘው ቀጥታው ላይ ጎን ለጎን ነዱ። ባትላሜራው ከፒክአፑ መስኮት ወገቡን አውጥቶ ያያል፤ እህቱ እየነዳችም ቢሆን ወደ ውስጥ ግባ የሚል ምልክት ታሳየዋለች።

ጣሪያው ላይ ያሉት ክሮች በማበጠሪያ እንደተበጠሩ ቀጥ ብለው ተኝተዋል። ክንፉ ሥር ያሉት ግን ይሽከረከራሉ፣ ይርገበገባሉ፣ አንዳንዶቹ ጭራሽ ወደ ፊት ይመለሳሉ። ባትላሜራው ነገሩ ወዲያው ገባው። ክንፉ ዝቅ ብሎ ከጣሪያው ጀርባ ስለተደበቀ የሚደርሰው የተበጠበጠ ነፋስ ነው፤ በዚያ ላይ በጣም ስላቀናው ነፋሱ ክንፉን ተከትሎ መውረድ አቅቶት እየተላቀቀ ይዞራል። ክንፍ ሠራሁ ብሎ ያሰረው አጥር ኖሯል።

በሳምንቱ ውስጥ ረዘም ያሉ እግሮች ሠርቶ ክንፉን ወደ ንጹሑ ነፋስ አወጣው፣ አጋደመውም። ክሮቹ ተኙ። ቀጥታው ላይ የነበረው ጉተታ በግማሽ ቀነሰ። ሰዓቱ ግን ገና ያለ ክንፍ ከዞረችበት ላይ አልደረሰም። ባትላሜራው አንገቱን አከከ፣ መሬት መሬት አየ፣ በመጨረሻም ሊናገረው የፈራውን ተናገረ።

«ረጅሙ ኩርባ ጋ ስትደርሺ ነዳጅ ትለቂያለሽ። ክንፉ የሚሸከመው ነፋስ አያገኝም። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን እኮ ጫናው አራት እጥፍ ነው የሚሆነው። አንቺ በምትሄጂበት ክንፉ ገና እንቅልፍ ላይ ነው።»

«ሰዓት ነሽ ብለህ አምጥተኸኝ፣ አሁን ደግሞ ሰዓቱን አፍጥኚ ትለኛለህ?»

«አዎ» አለ።

ተቆጣች። ይሁን እንጂ ለምን እንደሆነ ባታውቅም፣ የዚያን ዕለት እምቢ ብላ አልወረደችም። ተመልሳ ገባች። ቀጥታውን አልፋ ረጅሙ ኩርባ ፊቷ ሲዘረጋ ወንድሟ ያላትን አሰበችና፣ እንደ ወትሮዋ መቀነሱን ትታ በአንድ ጊዜ ዘው አለችበት። እስከ ኩርባው ወገብ ድረስ ደህና ነበረች። እዚያ ላይ በሕይወቷ ሙሉ ያስተማረችው ነገር ሁሉ አንድ ላይ ጮኸባትና እግሯን ከነዳጁ ነቀለችው። መኪናዋ አፍንጫዋን ደፋች፣ የኋላዋ ቀለለ፣ ሰማይና ሣር ቦታ ተለዋወጡ፤ ሁለቴ ዞራ ሜዳው መሐል ፊቷን ወደ መጣችበት አዙራ ቆመች። ሞተሩ ጠፋ። ከቀበቶው መጥበቅ በቀር ምንም አልተሰማትም።

ሁለቱ ወንዶች እየሮጡ ደረሱ። ባሏ የሱፍ ክር የመሰለ ፊት ይዟል፤ ቀዩን ሳይሆን ነጩን። ወንድሟ ጥፋቱ የኔ ነው፣ ይቅር፣ ክንፉንም ነቅዬ እጥለዋለሁ ይላል። እሷ ሄልሜቷን አውልቃ ጭኗ ላይ አስቀመጠችና ጥቂት አሰበች።

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አለች። «ተማሪዬ ቢሆን ኖሮ መሐል ኩርባ ላይ ሐሳብ ይለወጣል እንዴ ብዬ አስወርደው ነበር። ክንፉ ምንም አላደረገም፤ እምነቱን የነፈግኩት እኔ ነኝ።» ቀጥላም ወደ ወንድሟ ዞረች። «ካሁን በኋላ አንተ ዝም ትላለህ። ሰው እንደማስተምረው አድርጌ ራሴን አስተምራለሁ።»

ያደረገችውም ይህንኑ ነው። ማንም ተማሪ በአንድ ቀን ከተማ መሐል አይነዳም። መጀመሪያ ባዶ ሜዳ፣ ከዚያ ጸጥ ያለ ሰፈር፣ ከዚያ አንድ አደባባይ። ረጅሙን ኩርባም እንዲሁ ከፋፈለችው። ፍጥነቷን ከኩርባው በፊት ትወስናለች፤ ከገባች በኋላ እግሯ አይነቃነቅም። በሚቀጥለው ዙር የፍጥነት መርፌው ላይ ፀጉር የምታህል ትጨምራለች፤ መኪናዋ ካላጉረመረመች ደግሞ ሌላ ፀጉር። ስትነዳ ድምፅ አውጥታ ራሷን ታናግራለች። መሪውን አትነቅንቂ፣ ያው እንደያዝሽው፣ ጎበዝ ልጅ፣ እያለች። ባሏ መሙ ዳር ሆኖ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ያያል፤ የምትጸልይ መስሎት ኮፍያውን አውልቆ ነበር።

ራሷን ማስተማር በጀመረች በሦስተኛው እሁድ ተሰማት። መርፌው እሷ መንገድ ላይ አይታው ከማታውቀው ቁጥር ላይ ነበር። ኩርባው ውስጥ ገብታ መኪናዋ ወደ ውጭ ልትሸሽ ነው ብላ ስትጠብቅ፣ የኋላዋ ቁጭ አለ። ትልቅ መዳፍ ከላይ መጥቶ በእርጋታ የተጫናት ያህል ነው። ጎማዎቹ መሬቱን ነከሱ፤ ፀጉር ስትጨምር መዳፉም ይጨምራል። ትከሻዋ ወደ ወንበሩ ጎን ተጣበቀ፣ ጉንጯ ከበደ፣ ከሄልሜቱ ውስጥ አንድ ድምፅ ወጣ፤ ቆይታ ነው የራሷ ሳቅ መሆኑን ያወቀችው። ከወረደች በኋላ እጇን እያወናጨፈች ለሁለቱም ስትተርክ፣ ባሏ እንዲህ ፈክታ ያያት የመጨረሻ ልጃቸው የተወለደች ለት እንደነበር አሰበ።

ከደስታዋ መሐል ግን የሙያዋን ነገር አልረሳችም። የኋላዋ ተቀምጧል፣ ፊቷ ግን ይቀለኛል፣ መሪውን ባዞርም አፍንጫዋ ወደ ውጭ ትሄድብኛለች አለችው ወንድሟን። ባትላሜራው በደህና እጁ ግንባሩን መታ። ጋሪን ከኋላ ብቻ ብትጭነው ከፊት ይነሳል፤ ይህን ለማወቅ ባትላሜራ መሆንም አያስፈልግም ነበር። በዚያው ሳምንት ከኮምፔርሳቶ እንጨት አካፋ የመሰለ ምላስ ቆርጦ፣ ጥቁር ቀብቶ፣ ከፊት መከላከያው ሥር መሬት ሊነካ ጥቂት ሲቀረው አሰረው። ምላሱ ነፋሱን ለሁለት ይከፍለዋል፤ ከላይ የቀረው ፊቷን ወደ ታች ይጫናል። እትዬ ቀስ በል በእሁዱ ዞራ ስትመለስ መኪናዋ አሁን በአራት እግሯ ቆመች አለች። ልብስ ሰፊው ሰዓቱን ለባትላሜራው አሳየው። ባትላሜራው አየው፣ ዓይኑን ጠርጎ ደግሞ አየው። እሱ ራሱ ከዓመታት በፊት የያዘው፣ ጋራዡ ግድግዳ ላይ በኖራ የጻፈው ምርጥ ሰዓት ተሰብሯል።

«መቼም እህቴ ነሽ» አላት።

የዓመቱ መዝጊያ ውድድር ሊደርስ ሲል ጄሶው ተፈታ። እጁ እንዝርት አክሎ ወጣ፣ ግን መሪ ይይዛል። ውድድሩ ዕለት ጠዋት እህቱ የመኪናዋን ቁልፍ በእጁ አስቀመጠችለት። ያንተ መኪና፣ ያንተ ክንፍ፣ ያንተ ቀን ነው፣ እኔ የመጣሁት ልፈትንልህ ነው አለችው። ሄልሜቱን ደፍቶ ለማሟሟቂያ ገባ። ሁለት ዙር ዞረና ወጣ። ሲወርድ ፊቱ ላይ ድንጋጤም ፈገግታም ነበር።

«እሷ በምትገባበት ፍጥነት ረጅሙን ኩርባ ገባሁ» አለ ለልብስ ሰፊው፤ እህቱ ግን ትሰማለች። «መሐሉ ላይ እግሬ ከዳኝ። ለቀቅኩ። ዕድሜዬን ሁሉ ፈጣን ነኝ ስል ኖሬ፣ ለካ ቀጥታ ላይ ብቻ ነው።» ቁልፉን መለሰላት። «መኪናዋ የምታውቀው ያንቺን እግር ነው፣ እትዬ።»

እምቢ ልትል አፏን ከፈተች። ከዚያ ለመንዳት የቋመጠችው ራሷ መሆኗን አወቀችና ዘጋችው። ቁልፉን ተቀበለች።

ለእያንዳንዱ ሰው ሦስት ዙር ይቆጠራል፤ ከሦስቱ የተሻለው ይያዝለታል። ዳቦ ጋጋሪው ቀድሟት ዞሮ ጨርሷል፤ ሞተሩ የእሷን ሁለት እጥፍ ነው፣ ቀጥታው ላይ ሲያልፍ የቆርቆሮው አጥር ይንቀጠቀጣል። ወንድሟ የክንፉን ቡሎን እንፍታው ወይስ እንተወው ብሎ ጠየቃት። ብናጋድመው ቀጥታው ላይ ትንሽ ያስጠጋሻል አላት። ቀጥታው የዳቦ ጋጋሪው ነው፣ በማይቻል አልከራከርም፤ መሐለኛው ቀዳዳ ላይ ይሁን፣ የኔ ቤት ኩርባው ነው አለች።

የመጀመሪያውን ዙር እንደ ልማዷ ሜዳውን እያየች፣ ነፋሱን እየለካች ሄደች። በሁለተኛው ጨመረች። በሦስተኛው ላይ፣ ረጅሙ ኩርባ ፊቷ ሲዘረጋ፣ ፍጥነቷን ወሰነች፣ ገባች፣ እግሯ ጸና። ነፋሱ ከላይ ተጫናት፣ ምላሱ ከፊት አስቀመጣት፤ ኩርባው ሙሉ እንደ አንድ የተሳለ መስመር ከሥሯ አለፈ። መሙ ዳር ያሉት ሰዎች ሳቅ ረስተዋል። የቀድሞ ተማሪዎቿ፣ እኔም ጭምር፣ ያለ ፍሬን ያለፈችበትን ቦታ አፋችንን ከፍተን እናያለን። አንዱ፣ እኔ እዚህ ጋ እንዲህ ብነዳ በጥፊ ነበር የምትለኝ ሲል ሰማሁት።

በመጨረሻ ዳቦ ጋጋሪው አንደኛ፣ እሷ ሁለተኛ ወጡ። በመካከላቸው ያለው ልዩነት ሰው አንዴ ለማስነጠስ የሚፈጅበትን ያህል ነበር። ስሟ ሲጠራ ያጨበጨበውን ሰው ድምፅ፣ አንደኛው ሲጠራ ከተሰማው ጋር ያነጻጸረ አልነበረም፤ አያስፈልግም ነበር። ወንድሟ በደህናውም በታመመውም እጁ አቅፎ ከመሬት አነሳት። ባሏ እጇን ይዞ፣ ሰዓት ያዥነቱን ረስቶ፣ አንገቱ ላይ የተንጠለጠለችው ሰዓት ገና እየሮጠች ቆመ። እሷ ሁለተኛ መውጣቷን የሰማችም አትመስልም። ለሚያገኛት ሁሉ የምታወራው ስለዚያ መዳፍ ነበር፤ ከላይ መጥቶ ቁጭ ስለሚያደርገው መዳፍ።

ሰኞ ጠዋት የማሠልጠኛው ቢሮ እንደ ሁልጊዜው በወጣቶች ተሞላ። አግዳሚው ላይ በፎቶና በመታወቂያ መሐል እየተገፋፉ ተቀምጠዋል። በመሐላቸው፣ ለጉልበቱ ቦታ አጥቶ፣ ትኩስ ዳቦ የሞላ ከረጢት ታቅፎ፣ ዳቦ ጋጋሪው ተቀምጧል። እትዬ ቀስ በል በር ላይ ቆማ አየችው። ዋንጫ ወሳጅ እዚህ ምን ጠፋው ብላ ጠየቀችው።

ተነሳና ከረጢቱን ሰጣት።

«ዋንጫውን ወስጃለሁ፣ እውነት ነው» አለ። «ግን ሞተሬን ግማሹን ብትቆርጪው የት እንደምቀር ሌሊቱን ሳስብ አደርኩ። ባትላሜራው ክንፍ ሊሠራልኝ ተስማምቷል። ያንን ኩርባ መግባት ግን ላሜራ አያስተምርም አለኝ። አስተምሪኝ፣ እትዬ።»

ወጣቶቹ እሷን እሷን ያያሉ። ዳቦውን ለአግዳሚው አደለች፤ ቀኑን በሙሉ ቢሮው የምድጃ ሽታ ሸተተ። ከዚያ የማሠልጠኛዋን ትንሽ መኪና ቁልፍ ከግድግዳው አወረደችና ዳቦ ጋጋሪውን አስከትላ ወጣች። ግዙፉ ሰውዬ መሪው ሥር ተጣጥፎ ሲገባ መኪናዋ በአንድ ጎን ዘመም አለች።

«እንግዲህ» አለች ቀበቶዋን እየታጠቀች፣ «የምታውቀውን ሁሉ ለጊዜው እዚህ ደጃፍ ላይ አስቀምጠው። መጀመሪያ ወንበርህን ወደ ፊት ሳብ።»